በኅብረት ተምሮ ለብቻ መመስከር
የተማሪ ድርሻ በማኅበር ትምህርት ውስጥ እንዴት ይታወቅ እንደ ነበረ

በኮሌጃችን መምህሩ አምስት ወይም ስድስት ተማሪዎችን በአንድነት መድቦ አንድ የጥናት ሥራ ያዛል። ሥራው ተጽፎ ሲቀርብ በፊተኛው ገጽ ላይ የስድስቱም ስም በፊደል ተራ ተደርድሮ ይገኛል፤ ማርኩም ለስድስቱ እኩል ይታደላል። ሌሊት ተቀምጦ የጻፈው አንዱ መሆኑን፣ መጻሕፍቱን ያፈላለገው ሁለተኛው መሆኑን፣ የቀሩት አራቱ ግን ስማቸውን ለማስመዝገብ ብቻ ብቅ ያሉ መሆናቸውን ክፍሉ በሙሉ ያውቃል። የማያውቀው መምህሩ ብቻ ነው። ነገሩ ተራ የተማሪ ማጉረምረም ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም ማርኩ ከመዝገብ ወደ ዲግሪ፣ ከዲግሪ ወደ ሥራ መቅጠሪያ ወረቀት ስለሚሻገር፣ ያላወቀውን እንዳወቀ አድርጎ የሚያስቈጥር ሐሰተኛ ምስክር ሆኖ ይኖራል።

ይህ ጽሑፍ ለዚህ ችግር አዲስ መድኃኒት ለማግኘት አይደክምም። ሐሳቡ፣ በኅብረት የሚማሩ ተማሪዎች እያንዳንዳቸው ያደረጉትን ለይቶ ለማወቅ ቀደም ያሉ ትምህርት ቤቶች ምን ዘዴ እንደ ነበራቸው መመርመር ነው። ከሁሉ ይልቅ ሰፊውን ቦታ የሰጠሁት ለአገራችን ቅኔ ቤት ነው፤ ምክንያቱም ጥያቄው እዚያ በጣም ጠርቶ ይታያል። ከዚያ ቀጥሎ በሶቪየት ኅብረት ለጥቂት ዓመታት ተሞክሮ የተሻረውን የብርጌድ ትምህርት፣ በመጨረሻም እኛው ራሳችን ያለፍንበትን አንድ ለአምስት እመለከታለሁ።

አስቀድሞ ግን ስለ ኅብረት ሥራ ጥቂት ቃል ልበል። አገራችን የኅብረት ሥራ እንግዳ አይደለችም፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ይሁን እንጂ ገበሬው ደቦና ወንፈልን ለይቶ ያውቃል። በደቦ ባለቤቱ ጠላና እንጀራ አዘጋጅቶ ጎረቤቱን ይጠራል፤ የመጣውም ሰው ቀን እየቈጠረ ብድሩን አይጠይቅም። በወንፈል ግን ዛሬ ላንተ ያረስኩትን ቀን ነገ ለእኔ ታርሳለህ፤ ቀን በቀን ይመለሳል። በሁለቱም ዘንድ ሰነፉን ለማወቅ ተቈጣጣሪ አያስፈልግም። አጫጆች በመስመር ሲሄዱ ወደ ኋላ የቀረው ከፊቱ ባልታጨደው እህል ይታወቃል። የእጅ ሥራ ለዓይን ይገለጣል ማለት ነው። የአእምሮ ሥራ ግን አይገለጥም፤ የስድስት ሰው ስም ያለበትን ጽሑፍ ያየ ሰው የማን ድርሻ የትኛው እንደ ሆነ ከመስመሩ ሊያነብ አይችልም። ስለዚህ ትምህርት ቤት የማይታየውን የሚያሳይ ሥርዓት ማበጀት ግድ ይሆንበታል።

ቅኔ ቤት ይህን ሥርዓት አበጅቶ ነበር፤ ዛሬም ጉባኤው ባልተፈታበት ስፍራ ሁሉ አለ። በዋድላ ሆነ በዋሸራ ወይም በጎንጅ ስልት የሚማር ተማሪ ኑሮው ከሞላ ጐደል በሙሉ የማኅበር ነው። ጎጆውን ከጓደኞቹ ጋር ይቀልሳል፤ እንጨት ይለቅማል፣ ውኃ ይቀዳል፤ አኩፋዳውን አንግቶ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ የለመነውን ቁራሽ ከባልንጀሮቹ ጋር ይካፈላል። ትምህርቱም ቢሆን በአብዛኛው የሚተላለፈው ከተማሪ ወደ ተማሪ ነው። ከበላዩ ያለው የበታቹን ግሥ ያስወርዳል፣ አገባብ ያስረዳል፤ የኔታ የዘረፉትን ቅኔ ተማሪዎች ማታ ተሰብስበው ሰሙን ከወርቁ እየለዩ ይከራከሩበታል፤ አንዱ የረሳውን ሌላው ያስታውሰዋል። ዛሬ የቡድን ጥናት የምንለው ነገር በዚያ የቀንና የሌሊት ልማድ ነው።

ነገር ግን የተማሪው ችሎታ የሚለካበት ሰዓት ሲደርስ ኅብረቱ ዘወር ይላል። ተማሪው ቅኔ ሊቈጥር ሲነሣ ከጓደኞቹ ተለይቶ ከዛፍ ሥር ወይም ከድንጋይ ጥግ ለብቻው ይቀመጣል። በዚያች ሰዓት ማንም አያናግረውም፤ እርሱም ማንንም አይጠይቅም። ጀማሪ ከሆነ ሁለት ቤት ብቻ ያላትን ጉባኤ ቃና ይቈጥራል፤ ከዚያ ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ፣ ከዚያም እየረዘመ እየከበደ ወደሚሄደው ወደ ዋዜማ፣ ወደ ሥላሴ፣ በመጨረሻም ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይሻገራል። የቈጠረውን ይዞ ሲመለስ አስቀድሞ አስነጋሪ የሚባለው ከፍ ያለ ተማሪ ይሰማዋል፤ ከዚያ በኋላ በጉባኤው ፊት ለየኔታ ይናገራል። የኔታም ስሕተቱን ያቃናሉ፤ ምሥጢር ከጐደለው ወይም ቤቱ ካልመታ እዚያው በሁሉ ፊት ይነገረዋል።

ከዚህ ሥርዓት ውስጥ አንዱ ነገር ሁሉን የሚያስር ይመስለኛል፤ ይኸውም ቅኔ አንድ ጊዜ ከተባለ ሁለተኛ አይደገምም የሚለው ሕግ ነው። ትናንት የተነገረውን ዛሬ ማቅረብ አይቻልም፤ የጓደኛን ቅኔ የእኔ ነው ብሎ ማቅረብማ ትልቅ ነውር ነው። ነውር ብቻም ሳይሆን የማይሳካ ነው፤ ምክንያቱም ጉባኤው የሰማውን ያስታውሳል። ዛሬ ጽሑፍ መስረቁን ለመያዝ ማሽን ይፈለጋል፤ በቅኔ ቤት ግን ማሽኑ ዙሪያውን የተቀመጠው ተማሪ ጆሮ ነበር። (በነገራችን ላይ፣ ሊቁ ሳይዘጋጅ ቅኔ ሲያፈስ "ዘረፈ" መባሉ ሁልጊዜ ያስቀኛል፤ ስርቆት ፈጽሞ የማይቻልበት ጉባኤ ለከፍተኛው ችሎታ የመረጠው ስም ዘረፋ ነው።)

እንግዲህ ጓደኞቹ ሁለት ሥራ አላቸው ማለት ነው። ሲማር ረዳቶቹ ናቸው፤ ሲናገር ደግሞ ምስክሮቹ ናቸው። በመካከል ያለችው አንዲት ሰዓት፣ ከዛፍ ሥር ያለችው፣ የእርሱ ብቻ ናት። የዛሬው የቡድን ሥራችን የጐደለው ይህች ሰዓት ይመስለኛል።

ምስክር የሚለውን ቃል በዘፈቀደ አላመጣሁትም። በአብነት ትምህርት ቤት አንድ ሰው ትምህርቱን ፈጽሞ ለመምህርነት ሲበቃ "አስመሰከረ" ይባላል። ድጓ የሚያስመሰክረው ሰው ወደ ጋይንት ቤተልሔም ይሄዳል፤ ዝማሬና መዋሥዕት የሚያስመሰክረው ወደ ዙር አምባ ይወጣል። ከሌላ መምህር ዘንድ ብዙ ዓመት የተማረ እንኳ ቢሆን፣ በዚያ ስፍራ ሊቃውንት ጆሮ ፊት ራሱ ሳይሰማ መምህር አይሆንም። የቅኔ ተማሪም ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው ሲዞር የሚያቀርበው ወረቀት የለውም፤ አዲሱ መምህር የሚያውቁት ከአፉ በሰሙት ነው። የማን ጓደኛ እንደ ነበረ፣ ከየትኛው ጎጆ እንደ መጣ ለችሎታው ማስረጃ አይሆንለትም።

ይህን ስል ሥርዓቱን ያለ እንከን ለማቅረብ አይደለም። ፍርዱ በአንድ ሰው እጅ ያለ ነው፤ የኔታ ቢቈጡ ይግባኝ የሚባልበት የለም። በጽሑፍ የተመዘገበ ነገር ስለሌለ ዐሥር ዓመት ተምሮ ሳያስመሰክር የቀረ ሰው የተማረው ያህል እንኳ አይቈጠርለትም። ሴቶችም በአብዛኛው ከጉባኤው ውጭ ነበሩ። ይሁን እንጂ ጆሮ ብቻ የሚፈርድበት ጉባኤ አንድ ያልታሰበ በር ከፍቷል። የጎጃሟ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በልጅነታቸው ዓይናቸው የጠፋ ሲሆን፣ የቅኔ መምህር ከሆኑት አባታቸው ተምረው እርሳቸውም ወንበር ዘርግተው ወንዶችን ተማሪዎች ቅኔ ያስተማሩ ታላቅ ሊቅ ሆነዋል። መጽሐፍ ማንበብ ያልቻሉትን ሴት ጉባኤው ሊቅ ናቸው ብሎ ሊመሰክር የቻለው ቅኔያቸውን ሰምቶ ነው።

ተማሪ ተማሪን የማስተማሩ ልማድ በሌላም አገር ታውቋል። ጆሴፍ ላንካስተር የተባለ እንግሊዛዊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1798 በሎንዶን ድሆች ልጆችን ሲያስተምር ለመምህር የሚከፈል ገንዘብ ስላነሰው፣ ጐበዞቹ ልጆች ሌሎቹን እንዲያስተምሩ አደረገ፤ በዚያም ዘዴ አንድ መምህር በብዙ መቶ የሚቈጠሩ ልጆችን መያዝ ቻለ። አንዱ ልጅ ሌላውን በመልስ ሲበልጠው ቦታውን ወስዶ ከፊቱ ይቀመጥ ነበር። ከዚህ ያለፈ ስለ እርሱ የምለው የለኝም፤ የላንካስተር ጭንቀት ቍጥር እንጂ ምስክርነት አልነበረም።

ከዚህ ይልቅ ለጉዳያችን የሚጠቅመው አንድ የፈረንሳይ የእርሻ መሐንዲስ ያደረገው ምርመራ ነው። ማክስ ሪንገልማን ሰዎችን ገመድ እያስጐተተ ኀይላቸውን ለካ፤ ውጤቱም በ1913 እ.ኤ.አ. ታተመ። አንድ ሰው ለብቻው ሲጐትት ያለው ኀይል መቶ ቢባል፣ ሁለት ሰዎች ሲጐትቱ የእያንዳንዱ ድርሻ ወደ 93፣ አራት ሲሆኑ ወደ 77፣ ስምንት ሲሆኑ ወደ 49 ዝቅ ይላል። ሪንገልማን ራሱ ምክንያቱን ይበልጥ የሰጠው ጐታቾቹ እኩል በአንድ ጊዜ ለመሳብ ባለመቻላቸው ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1979 እ.ኤ.አ.፣ ላታኔና ባልደረቦቹ በአሜሪካ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ዓይናቸውንና ጆሯቸውን ሸፍነው እንዲጮኹ አደረጓቸው። ተማሪው የሚጮኸው ለብቻው ሆኖ ሳለ ከሌሎች ጋር የሚጮኽ ሲመስለው ድምፁን ይቀንሳል፤ ከአንድ ሰው ጋር ነኝ ሲል ወደ 82 ከመቶ፣ ከአምስት ጋር ነኝ ሲል ወደ 74 ከመቶ። እዚህ ላይ የመናበብ ጉድለት ሊባል አይችልም፤ የሚናበበው ሰው የለምና። እነዚሁ ሰዎች በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሌላ ምርመራ፣ የእያንዳንዱ ድምፅ ለብቻው እንደሚለካ ለተማሪዎቹ በተነገራቸው ጊዜ በኅብረት ውስጥም ቢሆኑ አልሰነፉም። ቅኔ ቤት ይህን የደረሰበት ያለ መለኪያ መሣሪያ ነው።

አሁን ወደ ሶቪየት ኅብረት እንለፍ። ከአብዮቱ በኋላ አዲሱ መንግሥት በ1918 እ.ኤ.አ. በትምህርት ቤት ማርክ መስጠትን አስቀረ። በ1920ዎቹ ደግሞ የዳልተን ዘዴ የተባለውን ከአሜሪካ ወሰዱ። ይህ ዘዴ በማሳቹሴትስ ዳልተን በተባለ ከተማ ሔለን ፓርክኸርስት የጀመረችው ሲሆን፣ እያንዳንዱ ተማሪ የወሩን ሥራ ተቀብሎ በራሱ ፍጥነት የሚፈጽምበት ነበር። የዚያን ዘመን የሩሲያ ተማሪ ቤት ሕይወትን በቀልድ የጻፈው ኦግኒዮቭ በልቦለዱ ውስጥ ተማሪዎቹ ዳልተንን አንድ የእንግሊዝ ሎርድ እንዲመስላቸው አድርጓል። የሚያስገርመው ግን ሌላ ነው፤ አንዱን ተማሪ ከሌላው ነጻ ለማውጣት የታሰበው ዘዴ ሩሲያ ሲገባ ወደ ማኅበር ሥራ ተለወጠ። ግለኝነትን ያሳድጋል ተብሎ ስለ ተፈራ ሥራው ለተማሪው መሰጠቱ ቀርቶ ብርጌድ ለሚባል ጥቂት ተማሪዎች ለያዘ ቡድን ይሰጥ ጀመር። ብርጌዱ በጋራ ያነባል፣ በጋራ ይሠራል፤ ጊዜው ሲደርስ አንዱ ተነሥቶ ስለ ሁሉ ይመልሳል፤ እርሱ ከመለሰ ሁሉም እንዳወቁ ይቈጠራል።

ይህ ዘዴ በ1920ዎቹ መጨረሻና በ1930ዎቹ መጀመሪያ በትምህርት ቤትም በከፍተኛ ትምህርትም ተስፋፋ። ዘመኑ አገሪቱ ፋብሪካ የምትተክልበት፣ መሐንዲስ የምትፈልግበት ነበር። በመስከረም 1931 እ.ኤ.አ. የኮሙኒስት ፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ ባወጣው ውሳኔ፣ ትምህርት ቤቱ በቂ ጠቅላላ ዕውቀት ያለው፣ ለከፍተኛ ትምህርት የሚበቃ ሰው አላፈራም ሲል ወቀሰ። በነሐሴ 25 ቀን 1932 እ.ኤ.አ. ደግሞ የብርጌዱን ዘዴ ራሱን በስም ጠርቶ አወገዘው። ከክሱ መካከል አንዱ ቃል ትኵረት ይገባዋል፤ ሥሩ "ፊት" ከሚለው የሩሲያኛ ቃል የወጣ ሲሆን፣ በእኛ ቋንቋ "ፊት ማሳጣት" ልንለው እንችላለን። በትምህርት ሥራ ላይ ማን ምን እንዳደረገ አይለይም፤ የመምህሩ ሥልጣን ዝቅ ብሏል፤ የእያንዳንዱ ተማሪ የግል ጥናት ተዘንግቷል ማለቱ ነበር። ከዚያ በኋላ መምህሩ በተወሰነ ሰዓት፣ ለተወሰነ ክፍል የሚሰጠው ትምህርት ዋነኛ ሆነ፤ መምህሩም የያንዳንዱን ተማሪ ዕውቀት ለየብቻ እንዲከታተል ታዘዘ። በ1935 እ.ኤ.አ. አምስት ደረጃ ያለው ማርክ ተመለሰ።

የሶቪየት ባለሥልጣኖች በሽታውን በትክክል አውቀውታል ብዬ አምናለሁ። በፈውሱ ግን አልስማማም። በማርክ ላይ የታየውን ፊት ማጣት ለማስወገድ ሲሉ በጥናት ላይ የነበረውን ኅብረት አብረው ጣሉት። ጥፋቱ ተማሪዎች አብረው ማንበባቸው አልነበረም፤ አንዱ ስለ ሁሉ መልሶ መቀመጡ ነበር። ቅኔ ቤት ቢሆን አንዱ ስለ ሁሉ ቅኔ አይናገርም፤ ግን አብሮ ማደር፣ አብሮ መከራከር አይከለክልም። ከዚህ ላይ አንባቢ "የኮሙኒስት ፓርቲና የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ እንዴት ይነጻጸራሉ?" ይል ይሆናል። እኔ የማነጻጽረው ሃይማኖታቸውን ሳይሆን ጥያቄ የሚጠይቁበትን ሰዓት ነው።

ወደ ራሳችን ስንመለስ፣ የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘና እንዲኖር፣ ተማሪውም በትምህርቱ ተካፋይ እንዲሆን ደነገገ። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት ደግሞ አንድ ለአምስት የተባለው አደረጃጀት ከቀበሌና ከመሥሪያ ቤት አልፎ ወደ ክፍል ገባ። አንድ በትምህርቱ የተሻለ ተማሪ መሪ ይሆናል፤ አምስቱ ከእርሱ ጋር ይያያዛሉ። ሐሳቡ ደካማው ከብርቱው እንዲማር ነበር፤ ይህም በራሱ የየኔታ ቤት ልማድ ነው። ከብርጌዱ ጋር የሚያመሳስለው ግን ሪፖርቱ ነው። መሪው ስለ አምስቱ ይናገር ነበር።

ይህን የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። ሁለተኛ ደረጃ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት በተማርኩበት ሌላ ትምህርት ቤት የአንድ ለአምስት መሪ ነበርኩ። በየሳምንቱ ዓርብ አንድ ቅጽ ይሰጠኛል፤ በቅጹ ላይ የአምስቱ ስም አለ፤ ከስማቸው አጠገብ "ተሳትፏል" ወይም "አልተሳተፈም" የሚል ቦታ አለ። እኔም ለሁሉም ተሳትፏል እያልኩ እፈርማለሁ። የሒሳቡን የቤት ሥራ እኔ እሠራለሁ፤ እነርሱ ከእኔ ደብተር ይገለብጣሉ። ከአምስቱ አንዱ ጐረቤታችን ነበር፤ ኳስ አብረን የምንጫወት፣ ከሁላችን ይልቅ ደግ ልጅ። ክፍልፋይ መደመር አይችልም ነበር። አለመቻሉን አውቃለሁ፤ መምህሩ ግን የሚያውቁት ተሳትፏል የሚለውን የእኔን ፊርማ ነው። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ላይ ለብቻው ተቀመጠና ወደቀ። ዘንድሮ በክረምት ቤት ስገባ ጋራዥ ውስጥ ሲሠራ አገኘሁት፤ ሰላም ተባባልን፤ ስለ ቅጹ አላነሣም፤ እኔም አላነሣሁም።

በአንድ ልጅ መውደቅ ሥርዓትን ሁሉ መፍረድ እንደማይገባ አውቃለሁ። የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተወስደው በጥብቅ ቍጥጥር ለመጀመሪያ ጊዜ በተፈተኑበት በ2015 ዓ.ም. ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች ግማሽና ከግማሽ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የመምህር እጥረት፣ የመጽሐፍ እጥረት፣ ጦርነት፣ ወረርሽኝ። ያም ሆኖ ይህን ቍጥር በሰማሁ ጊዜ መጀመሪያ የታወሰኝ የዓርቡ ቅጽ ነው፤ እንደ እኔ የሚፈርሙ መሪዎች በየክፍሉ ስንት እንደ ነበሩ አሰብኩ።

ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ በወጣትነታቸው ቅኔ የተማሩ አንድ መሪጌታ ዘንድ ሄጄ ነበር። ስለ አስነጋሪ ጠየቅኋቸው፤ አስነጋሪው ለጓደኛው አዝኖ ያልቈጠረውን ቈጥሯል ቢል ምን ይሆናል አልኩ። መሪጌታ ጥያቄው አልገባቸውም። ደግሜ ባስረዳቸው ጊዜ ሣቁና፣ "ልጄ፤ አስነጋሪው ምን ሊጠቅመው ይዋሻል? ልጁ ራሱ መጥቶ መናገሩ መቼ ይቀራል?" አሉኝ።

በዚህ ዓመት ከመምህሮቻችን አንዱ የቡድን ጽሑፋችንን ከተቀበሉ በኋላ ማርክ ከመስጠታቸው በፊት እያንዳንዳችንን በየተራ ጠርተው ከጽሑፉ አንድ ገጽ እየገለጡ "ይህን አስረዳኝ" አሉን። ለአንድ ሰው ዐሥር ደቂቃ ያህል ነው የወሰደው። በእኛ ቡድን ሁለቱ አንድ ቃል መናገር አልቻሉም፤ ይህ የተጠበቀ ነው። ያልተጠበቀው የሦስተኛው ነው። አንዲት መስመር አልጻፈም፤ በስብሰባችንም ላይ ዝም ብሎ ነበር የሚቀመጠው፤ እኛም ሰነፍ ብለን ስሙን ልናስወጣ ተማክረን ነበር። ሲጠየቅ ግን ጽሑፉን ከጻፍነው ከሁላችን አብልጦ አስረዳ፤ የእኔን ክፍል እንኳ እኔ ካስረዳሁት ይልቅ አጥርቶ ተናገረ። መምህሩ ምን ማርክ እንደ ሰጡት አላወቅሁም። ሥራን መለካት አንድ ነገር፣ ዕውቀትን መለካት ሌላ ነገር መሆኑን ግን ያን ቀን አየሁ፤ ቅኔ ቤት የሚለካው ሁለተኛውን ነው፤ የዓርቡ ቅጽ የሚጠይቀው ፊተኛውን ነበር፤ እርሱንም ቢሆን በሐሰት ሞልቼዋለሁ።